የባዕድ ጦር ሰፈር የማንን ቤት ይጠብቃል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከቅርንጫፉ እየተያዘ በጩኸት ብቻ የሚያልቅ ስለሆነ፣ እኛ ከሥሩ ልንይዘው አስበናል። ጉዳዩም ይህ ነው፤ አንድ ታላቅ መንግሥት ከገዛ አገሩ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ሕዝብ መሬት ላይ የጦር ሰፈር ሲሠራ፣ በዚያ የሚቆመው ዘበኛ የሚጠብቀው የማንን ቤት ነው? የአስጠጊውን ነውን? ወይስ የራሱን?

መልሱን በስድብም ሆነ በውዳሴ አንፈልገውም። ውል የተፈረመበትን ቀን፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ ሰፈሩ የተዘጋበትን ምክንያት አንድ በአንድ እንመረምራለን፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህ ጉዳይ ለእኛ አገር አዲስ አለመሆኑ ነው። መርከብ በእንፋሎት መሄድ ከጀመረ ወዲህ በየመንገዱ የድንጋይ ከሰል የሚጭንበት ወደብ አስፈለገው። እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ያዙ። ፈረንሳዮች በ1862 ስለ ኦቦክ ተዋዋሉ። የስዌዝ ቦይ በኖቬምበር 1869 ሲከፈት፣ በዚያው ወር ሩባቲኖ የተባለው የኢጣሊያ መርከብ ኩባንያ በአሰብ ጥቂት መሬት ከአካባቢው ባላባቶች ገዛ። መሬቱ የተገዛው ለነጋዴ መርከብ ማረፊያ ነው ተባለ። ነገር ግን በ1882 የኢጣሊያ መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ ከዚያም ወደ ደጋው ወጣ። የዚያ የከሰል ማከማቻ ታሪክ በመጨረሻ አድዋ ላይ እንዳደረሰን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ትንሽ ማረፊያ ትንሽ ሆና እንደማትቀር ከሌላ ሕዝብ መማር አያስፈልገንም።

በዘመናችን የጦር ሰፈር የሚሠራው በአራት ምክንያት ነው። አንደኛው መርከብና አውሮፕላን ነዳጅና ጥገና እንዲያገኝ ነው፤ ሁለተኛው የሌላውን መንግሥት መልእክት ለማዳመጥ ነው፤ ሦስተኛው ጦር ለመላክ እንዲቀርብ ነው፤ አራተኛው የጠበበ የባሕር በር ለመጠበቅ ወይም በተቀናቃኝ እጅ እንዳይወድቅ ለማድረግ ነው። በእነዚህ በአራቱ ውስጥ የአስጠጊው ሕዝብ ችግርና ፍላጎት አንድም ቦታ አልተጻፈም። የተጻፈው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ስለዚህም ታላቁ መንግሥት የሚወደው ቦታውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የዚህን እውነትነት በምሳሌ እንይ።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ቃኘው ነው። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ለምድር ወገብም ቀርባ የምትገኝ ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ከሩቅ የሚመጣን የሬዲዮ ሞገድ ለመቀበል ተስማሚ ነው። ኢጣሊያኖች ይህን አውቀው ሬዲዮ ማሪና የተባለ የባሕር ኃይል ጣቢያ ሠሩ። እነርሱ ከተሸነፉ በኋላ በ1943 የአሜሪካን ጦር ጣቢያውን ተረከበ። ከዚህ ቀጥሎ የኤርትራ ዕድል በዓለም መንግሥታት ፊት በቀረበ ጊዜ፣ የአሜሪካን መንግሥት ለፌዴሬሽኑ ድጋፍ የሰጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጣቢያ ነበር። በዲሴምበር 1950 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፌዴሬሽኑን ሲወስን፣ የኤርትራ ሕዝብ በድምፅ መስጫ ሣጥን ፊት ቀርቦ አልተጠየቀም። የተጠየቀው በ1993 ነው፤ በመካከሉም ሠላሳ ዓመት ጦርነት ሆኗል።

ፌዴሬሽኑ በሴፕቴምበር 1952 ጸና። በሜይ 22 ቀን 1953 ሁለት ውሎች በአንድ ቀን ተፈረሙ። በአንደኛው አሜሪካኖች ጣቢያውን ለሃያ አምስት ዓመት የመጠቀም መብት አገኙ፤ በሁለተኛው ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የሥልጠና ርዳታ አገኘች። ጣቢያውም ወደ ኮሪያ በዘመተው ጦራችን ስም፣ ያም ጦር በራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ቃኘው ተባለ። ለማዳመጥና ለመሰለል ለተሠራ ጣቢያ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ስም አይገኝም፤ ቃኘ ማለት የሩቁን አየ፣ ሰለለ ማለት ነውና። ዳሩ ግን የሚቃኘው ለእኛ አልነበረም። በ1960ዎቹ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ አሜሪካኖች በዚያ ሲኖሩ፣ የሰሙትን ለአስጠጊያቸው የሚነግሩበት ግዴታ አልነበራቸውም።

በዚህ ውል ኢትዮጵያ እስከ 1977 ድረስ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የጦር ርዳታ እንዳገኘች ተመዝግቧል። ይህ በዚያ ዘመን ለአንድ የአፍሪካ አገር ከፍተኛ ገንዘብ ነው። በ1960 ደግሞ አሜሪካ አርባ ሺህ ወታደር ያለውን ጦር ለማስታጠቅ በምስጢር ቃል ገባች። ይህን ቃል የአሜሪካን ሕዝብ የሰማው በ1970 የሴኔታቸው ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ነው። የእኛ ሕዝብ ግን መሬቱ የእርሱ ሲሆን፣ ልጆቹም በዚያ መሣሪያ የሚሞቱና የሚገድሉ ሲሆኑ፣ ከቶ የጠየቀውም የነገረውም የለም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የቃኘውን ነገር እያነሡ የተከራከሩትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሳተላይት ተፈለሰፈ። በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት በ1973 አዲስ የመገናኛ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የአስመራ ከፍታ ዋጋው ወረደ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1974 ሲወድቅ ቃኘው እየከሳ የሚሄድ ሰፈር ነበር። በፌብሩዋሪ 1977 የአሜሪካን መንግሥት የሰብአዊ መብት ጉዳይን ምክንያት አድርጎ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር ርዳታ ቀነሰ። ደርግ በዚያ ጊዜ በገዛ ሕዝቡ ላይ ያደርግ የነበረው ግፍ እውነት ስለ ነበር ምክንያቱን ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ማስታወቂያ፣ ብዙ የአሜሪካን ጦር የሰፈረባት ደቡብ ኮሪያ ለጸጥታ ሲባል ከቅነሳው ውጭ ሆነች። በሚዛኑ ላይ ምን እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። በኤፕሪል 1977 ደርግ ቃኘውን ዘጋ። ሃያ አምስት ዓመት የተባለው ውል ዕድሜውን ሳይጨርስ ወዳጅነቱ አለቀ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ነው። የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በሶማሊያ የበርበራን ወደብ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ፣ በዚያ ከአራት ሺህ ሜትር የሚበልጥ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ተሠራ። በጁላይ 1974 ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነት ውል ፈረሙ። የሶማሊያ ጦር በሶቪየት መሣሪያ ታጥቆ በጁላይ 1977 ኦጋዴንን ወረረ። ሞስኮም ሚዛኑን አይታ ብዙ ሕዝብና ሰፊ መሬት ወዳላት ወደ ኢትዮጵያ ዞረች። ዚያድ ባሬ በኖቬምበር 1977 ሶቪየቶችን አባረረ። ወዲያውም ከሶቪየት ኅብረት በአየርና በባሕር መሣሪያ ወደ እኛ ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የሶቪየት ባሕር ኃይል ከበርበራ ተነሥቶ በዳህላክ ደሴቶች ሰፈረ። በኦገስት 1980 ደግሞ አሜሪካኖች ከዚያድ ባሬ ጋር ተዋውለው በርበራን፣ ያንኑ ሶቪየቶች የሠሩትን ማኮብኮቢያ፣ ለመጠቀም ፈቃድ አገኙ።

ጓደኞቻችን፣ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስተውለው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ቤት ተለዋወጡ። ትናንት «የሶሻሊዝም ወንድም» የተባለው ዛሬ ጠላት ሆነ፤ ትናንት «የነጻው ዓለም ወዳጅ» የተባለው ዛሬ በሌላው ጎራ ተሰለፈ። ያልተለወጡት ቀይ ባሕርና የባብ ኤል መንደብ በር ብቻ ናቸው። በዚህ መለዋወጥ መካከል በጅጅጋና በካራማራ የወደቀው ግን የእኛ ገበሬ ልጅና የሶማሊያ አርብቶ አደር ልጅ ነው። ዚያድ ባሬ በጃንዋሪ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሜይ 1991 ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ያስታጠቋቸው መንግሥታት ጠረፋቸውን ትተው ሄደዋል፤ መሣሪያው ግን በየመንደሩ ቀረ።

ሦስተኛውን ምሳሌ የምናነሣው የቃኘውን ሥራ ከወሰደችው ደሴት ነው። ዲዬጎ ጋርሲያ የቻጎስ ደሴቶች አንዷ ናት። እንግሊዝ ሞሪሸስን ነጻ ከማውጣቷ በፊት በ1965 ቻጎስን ከሞሪሸስ ቆርጣ ለየች። በዲሴምበር 1966 ደሴቱን ለአሜሪካ የሚሰጠውን ስምምነት አደረገች። ዋጋውም በግልጽ የተከፈለ አልነበረም፤ እንግሊዝ ከአሜሪካ በምትገዛው ፖላሪስ የተባለ ሚሳይል ላይ 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተቀነሰላት። በደሴቶቹ ላይ ለብዙ ትውልድ ኮኮናት እያለሙ የኖሩ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ። ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ሁሉም ተነሥተው ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሼልስ ተጋዙ። ውሾቻቸው በጭስ ተገደሉ። በፌብሩዋሪ 2019 የዓለም ፍርድ ቤት በአሥራ ሦስት ድምፅ በአንድ ተቃውሞ፣ መቆረጡ ሕጋዊ እንዳልነበረ አስተያየቱን ሰጠ። በሜይ 2025 እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ የሚመልስ ውል ፈረመች፤ በዚያው ውል ግን ዲዬጎ ጋርሲያ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት በኪራይ እንድትቆይ ተጻፈ። እነሆ፣ ፍርድ እንኳ ሲገኝ ሰፈሩ አይነቃነቅም። በሃያ ዓመቱ ከደሴቱ የተጋዘ ሰው የኪራዩን ማለቂያ አያይም።

አሁን ወደ ዛሬ እንመለስ። ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ወጣች፤ የፈረንሳይ ጦር ግን አልወጣም። አሜሪካኖች ከ2002 ጀምሮ ካምፕ ለሞኒዬ በተባለው የቀድሞ የፈረንሳይ ሰፈር ይኖራሉ፤ በ2014 ኪራዩ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር እንዲሆን ተስማሙ። ጃፓን በ2011 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዋ የሆነውን የውጭ ሰፈር በዚያው ከፈተች። ኢጣሊያም ገባች። ቻይና በ2017 የመጀመሪያውን የውጭ አገር ሰፈሯን አቆመች። በ2018 አሜሪካኖች «ከቻይና ሰፈር በአብራሪዎቻችን ዓይን ላይ የሌዘር ጨረር ተለቀቀ» ብለው ከሰሱ፤ ቻይናም ካደች። በሰው ግቢ ሁለት ተከራዮች እንዲህ ሲጣሉ ባለቤቱ ማንን ዝም ያሰኛል? «በሰው ምድር ልጇን ትድር» የተባለው ተረት ዛሬ በመርከብ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ጦር ተሰብስቦ እያለ፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲመቱ፣ ብዙ የንግድ መርከቦች መንገዳቸውን ለውጠው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። እንግዲህ «ሰፈር ካለ ሰላም አለ» የሚለውን ንግግር በጥንቃቄ ልንሰማው ይገባል።

በዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዳንዶች የሚያነሡት መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን። «ድኻ አገር ምን ያድርግ? ጅቡቲ እርሻ የላት፣ ወንዝ የላት፤ ያላት ቦታዋ ነው፤ ቦታዋን ብታከራይ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። ኪራዩ የመንግሥት ገቢ ነው፤ የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከልም የእነዚህ ጦሮች መርከቦች ሠርተዋል። የገዛ ንጉሠ ነገሥታችንም ቃኘውን ሲሰጡ ተታለው አልነበረም፤ መሣሪያና የፖለቲካ ድጋፍ ፈልገው ሰጡ፤ የፈለጉትንም አገኙ። ሆኖም ጥያቄያችን ሌላ ነው። ኪራዩን የተቀበለው ማን ነው? በሰፈሩ ምክንያት የሚመጣውን ጠላትነትስ የሚሸከመው ማን ነው? ተቀባዩ ቤተ መንግሥት፣ ተሸካሚው ሕዝብ ከሆነ፣ ያ ውል በሁለት አገሮች መካከል የተደረገ ውል አይባልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየን ሕዝብ አለ። በሴፕቴምበር 1991 የፊሊፒንስ ሴኔት የሱቢክን የባሕር ኃይል ሰፈር ውል ለማራዘም የቀረበለትን ስምምነት በአሥራ ሁለት ድምፅ በአሥራ አንድ ውድቅ አደረገው፤ በ1992 መጨረሻ አሜሪካኖች ወጡ። ከዚያ በኋላ በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ ስለ ተቸገሩ በ2014 በአዲስ ስምምነት አሜሪካኖችን መልሰው አስገቡ። እኛ የምናደንቀው መጀመሪያ እምቢ ማለታቸውን ወይም ኋላ እሺ ማለታቸውን አይደለም። እያንዳንዱ ሴናተር በስሙ ቆሞ በሕዝብ ፊት ድምፅ መስጠቱን ነው። በአንጻሩ የኒጀርን ነገር ተመልከቱ። አሜሪካኖች በአጋዴዝ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው የሰው አልባ አውሮፕላን ሰፈር ሠሩ፤ ወታደራዊው መንግሥት በማርች 2024 ውሉን ሰረዘ፤ በሴፕቴምበር ወጥተው አለቁ። ነገር ግን እነርሱ ሳይወጡ በኤፕሪል የሩሲያ አሠልጣኞች ገብተው ነበር። አንዱን እንግዳ ማስወጣትና የቤት ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን የምንናገረው ቃል ምናልባት ለጆሮ የማይጥም ይሆናል፤ ቢሆንም ሳንናገረው ብንወርድ ለሌላው ብቻ ፈራጆች እንሆናለን። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 መንግሥታችን ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። የሶማሌላንድ ባለሥልጣኖች እንደ ገለጹት፣ ነገሩ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳርቻ ለሃምሳ ዓመት ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በኪራይ መስጠት ነበር። ሶማሊያ ሉዓላዊነቴ ተነካ ብላ ተቆጣች፤ በዲሴምበር 2024 በቱርክ ሽምግልና አንካራ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ለመነጋገር ተስማሙ። የሰነዱ ቃል ግን ለሕዝብ አልወጣም። የባሕር በር ለአገራችን እንደሚያስፈልግ የማያምን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም። ዳሩ ግን በቃኘው ላይ የያዝነውን ሚዛን በዚህም ላይ ካልያዝነው፣ ሚዛኑ የእውነት አይደለም። በሰው ጠረፍ ሰፈር ስንፈልግ እኛም በዚያ ለሚኖረው ዓሣ አጥማጅና አርብቶ አደር ባዕዳን ነን። እርሱ ተጠይቋልን?

እንዲሁም በ2011 ከአርባ ምንጭ የአሜሪካን ሰው አልባ አውሮፕላኖች እንደሚነሡ ብዙዎቻችን የሰማነው ከዋሽንግተን ጋዜጣ ነበር። ሥራው በ2015 ሲያበቃም ዜናው የመጣው ከዚያው ከውጭ ነው። በገዛ አገራችን የሚሆነውን ከባዕድ ጋዜጣ ማንበብ ልማድ ሊሆንብን አይገባም።

ስለዚህ ማኅበራችን እንዲወያይበት አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ማንኛውም የጦር ሰፈር ውል፣ እኛ የምንሰጠውም ሆነ የምንቀበለው፣ ቃሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በግልጽ ይጽደቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን የሰጠው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። የምንለምነው አዲስ ሕግ አይደለም፤ ያለው እንዲሠራበት ነው።

ሁለተኛ፤ ውሉ ማለቂያው የታወቀ፣ ዕድሜውም አጭር ይሁን። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ኪራይ አይባልም፤ ያልተወለደ ትውልድን ማስያዝ ነው።

ሦስተኛ፤ ከሰፈሩ በሦስተኛ አገር ላይ ጦር እንዳይነሣ፣ ወታደሩም በአገሬው ሰው ላይ ወንጀል ቢሠራ በማን ዳኝነት እንደሚታይ በውሉ ይጻፍ።

አራተኛ፤ በመሬቱ ላይ የሚኖር ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ። ካልተስማማ አይነሣ፤ ከተስማማም ካሣው በእጁ ይግባ። የቻጎስ ሰዎች ሃምሳ ዓመት የተከራከሩት በአንድ ወቅት ይህ ጥያቄ ስላልቀረበላቸው ነው።

የሕግ ተማሪዎች ውሎቹን፣ የታሪክ ተማሪዎች መዛግብቱን፣ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ኪራዩንና ወጪውን እየመረመሩ በዚህ ጋዜጣ ላይ እንዲጽፉ እንጠይቃለን። መምህሮቻችንም በተሳሳትንበት እንዲያርሙን በትሕትና እናሳስባለን። ታላላቅ መንግሥታት ካርታ ዘርግተው ሲያዩ የሚታያቸው በርና ከፍታ፣ ወደብና ማኮብኮቢያ ነው። በካርታው ላይ ሰው መኖሩን የሚነግራቸው በዚያ የሚኖረው ሰው ራሱ ነው፤ እርሱም ዝም ካለ ካርታው እንደ ባዶ ይነበባል።

 አሁን መድረኩ የጥያቄና የክርክር ነው።